የባሕረ ሐሳብ መምህሩንም ጥሯቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንዴት ከረማችሁ? ስለ ዲጂታል ኑሮ የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም። ስለ ስልኩና ስለ መተግበሪያው ብዙ ትላላችሁ። ስልኩ ስለሚቆጥርልን ጊዜ ግን ስታነሱ አላየሁም።

እኛ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን የምናነብ ጥቂት ሰዎች ነን። የሶሲዮሎጂ አስተማሪ አለ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ አለ፣ ነርስ አለች፣ እኔ ታሪክ አስተምራለሁ። ቡና ይፈላል፣ አንዱ ያነበበውን ያስረዳል፣ ከዚያ ክርክር ነው። የጀመርነው በጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር በሃርትሙት ሮዛ ሐሳብ ነው። ቴክኖሎጂው ይፈጥናል፣ ማኅበራዊ ለውጡ ይፈጥናል፣ የኑሮው ሩጫም አብሮ ይፈጥናል፤ ጊዜ ይቆጥባል የተባለው ዕቃ እየበዛ እኛ ግን ጊዜ አጣን እንላለን። ነርሷ ቶሎ ገባት። ድሮ ተረኛነቷ ሲያልቅ ያልቅ ነበር፤ አሁን እራት እየበላች ቴሌግራም ላይ ትዕዛዝ ይመጣል።

ነገሩ የጦፈው ግን አንድ የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ትምህርት) መምህር ጋብዘን የመጡ ቀን ነው። የኔታ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ማሽኑ መቁጠር የሚነሣው ከየት ነው?» አሉ። የኮምፒውተር ባለሙያው በብዙ ስልኮችና ሰርቨሮች ውስጥ ቆጠራው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. እንደሚነሣ፣ ይኸውም በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 1970 መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ሰከንድ እየደመረ እንደሚሄድ አስረዳቸው። እሳቸውም «እኛ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ባለው 5500 ዓመት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረን እንነሣለን» ብለው ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ከፍለው አሳዩን፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮሱ ደግሞ ወደ ካልዒት፣ ካልዒቱ ወደ ሣልሲት እያለ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ሲያሰሉ ሳናስበው መሸ።

ይሄ የቡና ወሬ ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 3 የተወለደች ተማሪ አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ፎርም ስትሞላ የወር ሳጥኑ 12 ወር ብቻ ሆነባትና ነሐሴ 30 ብላ ሞላች፤ አሁን መታወቂያዋና ፎርሙ አይገናኙም። ሌላው ልጅ ደግሞ ምዝገባው 3፡00 ላይ ይዘጋል የሚል አይቶ ማታ በ3 ሰዓት ገባ። ሰዓቱ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበርና የተዘጋው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር በስድስት ሰዓት ልዩነት ሲያመልጠው አጠገቡ ነበርኩ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጆቹ ምን አጠፉ? ፎርሙን የሠራው ሰው ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ መስሎታል።

ስለዚህ ዲማ ጊዮርጊስን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር፣ ስለ ዲጂታል ጊዜ የሚያነብ ሁሉ የአብነት መምህራኑን አብሮ ያስቀምጥ። ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር ያላችሁም ጀምሩት፤ አምስት ሰውና አንድ ጀበና ይበቃል። እናንተም በየሳምንቱ ግማሽ ገጽ ስጡን፣ የተከራከርንበትን ጽፈን እንልካለን። የመጀመሪያው ስለ ጳጉሜንና ስለ ፎርሙ ነው፣ ጀምረነዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ