የክፍሌን ቁጥር ጮክ ብሎ ነገረኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ብቻቸውን ለሚጓዙ ሴቶች ብላችሁ ያወጣችሁትን የምክር ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ክፉ ጽሑፍ አይደለም። አታምሹ፣ ጌጥ አታብዙ፣ ጭር ባለ መንገድ አትሂዱ ይላል። ይሄን ሁሉ ከእናቶቻችን እየሰማን ነው ያደግነው። እኔም ለሥራ ብቻዬን መጓዝ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክፉኛ የደነገጥኩባቸውን ቀናት መለስ ብዬ ሳስባቸው ግን፣ ጉድ ሊሠራኝ የነበረው ይሉኝታዬ ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ ደግሞ ስለ ይሉኝታ አንድም ቃል የለም።

አንዱን ላጫውታችሁ። የማላውቀው ትልቅ ከተማ ነው። በረራው ዘግይቶ ሆቴል የደረስኩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ትሁት ነው፣ ፈገግታው አይጠፋም። ፓስፖርቴን መለሰልኝና «ክፍል 412፣ አራተኛ ፎቅ። ብቻዎን ነዎት አይደል?» አለኝ። ጮክ ብሎ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ተራውን ትቶ ሊፍቱ ውስጥ አብሮኝ ገባ። እኔ 4ን ነካሁ። እሱ ምንም አልነካም።

ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ከሊፍቱ ወጥቼ፣ ወደ ልጁ ተመልሼ፣ «ሌላ ክፍል ስጠኝ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጻፍልኝ» ማለት። አላልኩም። ሰውዬው «ዱርዬ አስመሰለችኝ» እንዳይል፣ ልጁንም በዚያ ሌሊት እንዳላስቸግረው ብዬ ዝም አልኩ። አራተኛ ፎቅ ስወጣ ሰውዬውም ወጣ። ኮቴው ከኋላዬ ይሰማኛል። የበሩን ካርድ ሁለቴ ገልብጬ አስገባሁት። ገብቼ ቆለፍኩና ወንበር ደገፍኩበት፤ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ሰውዬው ምናልባት የፎቅ ጎረቤቴ ይሆናል፤ ምንም አላደረገኝም። ሊያደርገኝ ቢፈልግ ኖሮ ግን በሬ ድረስ የመራሁት እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የክፍሌ ቁጥር ሰው ፊት ከተነገረ ይቀየርልኝ እላለሁ። ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስቱንም ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ ቀይረውልኛል። ለካ ይሄን ያህል ቀላል ነበር!

ታክሲም ላይ እንደዚያው ነው። በስልክ የጠራሁት መኪና ሲመጣ ስሜን አልነግረውም። «ማንን ልትወስድ ነው የመጣኸው?» እላለሁ። ስሜን ማወቅ ያለበት የተላከልኝ ሹፌር ነው። ታርጋውን ሳላስተያይ በሩን አልነካም። የሚቆጣ ሹፌር አለ፤ ይቆጣ። ያለሁበትን ቦታ ደግሞ በዋትስአፕ ለእህቴ ቀጥታ እልካለሁ። 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ያስመርጣል፤ እኔ 8ቱን ነው የምመርጠው። «ዛሬም ካርታው ላይ ነጥብ ሆነሽ ስትርመሰመሺ አየሁሽ» ትለኛለች። ግን ነጥቡን የምታየው ሰው ምን ማድረግ እንዳለባት ካላወቀች ነጥብ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ተነጋግረናል። በተባባልነው ሰዓት ካልደወልኩ ትደውላለች። ካላነሳሁ ሆቴሉ ጋ ትደውላለች። የሆቴሉን ቁጥር ከመነሳቴ በፊት እሰጣታለሁ።

መንገድ ሲጠፋኝ የምጠይቀውን ሰው እኔ እመርጣለሁ። ሱቅ ውስጥ ያለች ሻጭ፣ ወይም ልጅ የያዘች እናት። ሳልጠራው «ላግዝሽ» ብሎ ሻንጣዬን የሚይዘውን አመስግኜ እሸኘዋለሁ። «ብቻሽን ነሽ?» ካለኝ ባለቤቴ እየጠበቀኝ ነው እላለሁ። ባል የለኝም። ለማላውቀው ሰው እውነቱን የመንገር ዕዳም የለብኝም። ሳይቃጠል በቅጠል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ምክራችሁ ሁሉ ለተጓዧ ነው። ሆቴሉ፣ አውቶቡሱ፣ ባቡሩ ምን ያድርግ የሚል የለበትም። በካናዳዋ ሞንትሪያል በ1996 (እ.ኤ.አ.) የከተማው አውቶቡስ አንድ አሠራር ጀመረ። በማታ ብቻዋን የተሳፈረች ሴት በሁለት ፌርማታዎች መሃል፣ ወደምትሄድበት በሚቀርባት ቦታ ልውረድ ማለት ትችላለች። ሹፌሩ ለምን አይላትም። ጥቂት ሜትሮች ናቸው፤ በጨለማ ለሄደባቸው ግን ረጅም ናቸው። በእንግሊዝ ደግሞ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ዘመቻ አለ። መጠጥ ቤት ውስጥ ያልተመቻት ሴት ለአስተናጋጁ «አንጄላን ፈልጌ ነበር» ትለዋለች። የሠለጠነ አስተናጋጅ ነገሩ ይገባዋል፤ ታክሲ ይጠራላታል ወይም ከዚያ ያወጣታል። ሁለቱንም የወደድኳቸው አንዲት ሴት ሰው ፊት ማብራሪያ እንድትሰጥ ስለማያስገድዷት ነው። ይሉኝታዋን ቀድመው አስበውላታል።

በዴልሂ ሜትሮ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው። በካይሮና በቶኪዮም ለሴቶች የተለዩ ፉርጎዎች አሉ። በዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ደክሞኝ በሰው በተጨናነቀ ባቡር ስሳፈር እሰየው እላለሁ። በሌላኛው ፉርጎ የተነካችውን ሴት «የራስሽ ፉርጎ እያለ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» የሚላት እንዳይመጣ ግን እሰጋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ ዓለምን ልዙር ስትል የጋዜጣዋ ኃላፊ «ሴት ነሽ፣ ጠባቂ ያስፈልግሻል፤ ደግሞም ሻንጣ ታበዣለሽ» ብሏት ነበር። በ1889 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ትንሽ የእጅ ቦርሳ ይዛ ወጣች፤ በ72 ቀን ዞራ ተመለሰች። እናንተም ጋዜጠኞች ስለሆናችሁ ነው ይሄን ማንሳቴ፤ አትቀየሙኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ እባካችሁ ለእንግዳ ተቀባዮችም አንድ ገጽ ስጡልን። የክፍል ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይሰጥ፤ ብቻዎን ነዎት ወይ የሚለው ጥያቄም ይቅር። እነዚህ ሁለቱ ከላይ ቢጻፉ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ተጓዥ አንባቢ