ባለ ሦስት ረድፍ መኪና የሚገዛ ሰው ምርመራውን ከኋላ በር ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በመኪና ሽያጭ ዓምዳችሁ የሚወጡት ማስታወቂያዎች የሞተሩን ሲሲ፣ የተመረተበትን ዓመት፣ ቀለሙንና «ፉል ኦፕሽን» መሆኑን ይናገራሉ። ስንት ሰው ቀበቶ አስሮ እንደሚቀመጥበት ግን አይናገሩም። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ ባለ ሦስት ረድፍ መኪና የሚፈልግ ቤተሰብ ተጨማሪውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ ለኋለኛው ረድፍ ነው። ሠርግና ክርስትና ሲኖር፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲኬድ፣ እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ገዢዎች ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የኋላውን በር እንዲከፍቱ ለማሳሰብ ይህን ጽፈናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያለው ነዳጅ ተጠቃሚ መኪና በአብዛኛው እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ነው። ከእነዚህ ውስጥ በድርጅት ወይም በአስጎብኚ እጅ ዕቃ ሲያመላልሱ የቆዩ ብዙ ናቸው። የኋላ ወንበራቸው ወጥቶ መጋዘን ተጥሏል፣ ወይም ተሸጧል፣ ወይም የሌላ መኪና ወንበር ተገጥሞላቸዋል። ሻጩ «ወንበሩ ቤት አለ» ሲል ወንበሩ መጥቶ እስኪገጠም ቀብድ አትስጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ሦስት ረድፍ ነበረው ወይ የሚለው ነው። ያው ሞዴል በአምስት ሰውም በሰባት ሰውም ይመረታልና ስሙ ማስረጃ አይሆንም። ምልክቱ እዚያው ላይ ይገኛል። ከኋለኛው መስኮት ጎን ባለው ምሰሶ ላይ ቀበቶው የሚወጣበት ክፍተት፣ በወለሉ ላይ የወንበሩ መንጠቆ የሚነክሳቸው ወፍራም የብረት ዘንጎች፣ በጎን ሽፋኑ ላይ የኩባያ ማስቀመጫ፣ በብዙዎቹም ጣሪያው ላይ ለኋላ ተሳፋሪ የአየር መውጫ ይኖራል። እነዚህ ከሌሉ ወንበሩ ኋላ የተጨመረ ነው። ሞኬቱን አንሡና እዩት፤ ከዚያም ከመኪናው ሥር ገብታችሁ ብሎኖቹ የወጡበትን ቦታ ተመልከቱ። የፋብሪካው ማሰሪያ በወፍራም ብረት የተጠናከረ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። የተጨመረው ግን በስስ ላሜራ ላይ በተራ ብሎንና በትንሽ ሮንዴላ (በብሎኑ ሥር በሚገባ ቀለበት) ይታሰራል፤ አንዳንዴም ተበይዶ ጥቁር ቀለም ይቀባል። በግጭት ጊዜ ብሎኑ ላሜራውን ቀድዶ ይወጣና ወንበሩ ከነተቀመጠበት ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። እንዲህ ያለውን መኪና እንደ አምስት ሰው መኪና ዋጋ ተነጋገሩበት፣ ወይም ተዉት።

በአካባቢያችን የሚዞሩት መኪኖች የኋላ ወንበራቸው ሦስት ዓይነት ነው። ቶዮታ ፎርቹነር፣ ከ2002 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፕራዶ 120 እና ላንድ ክሩዘር 100 እና 200 ለሁለት የተከፈለው ወንበራቸው ወደ ጎን ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ማንጠልጠያው ቀበቶና መንጠቆው ነው። ቀበቶው ከተበጠሰ ወንበሩ በጉዞ ላይ ዕቃ ላይ ወይም ሰው ላይ ይወድቃል። በተጨማሪም የተለጠፈው ወንበር የጎን መስኮቱን ስለሚሸፍን ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አያይም። በሁለተኛው ዓይነት፣ ከፕራዶ 120 ወዲህ የመጣው ፕራዶ 150 ወንበሩ ወለሉ ውስጥ ይገባል፤ ከፍ ባለው ደረጃ በሞተር ነው የሚታጠፈው። ጤፍ፣ አሸዋና የልጆች ዕቃ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ መሐል ላይ ያቆመዋልና ሁለቱንም ወንበር ሦስት አራት ጊዜ አውጥታችሁ መልሱ፤ ድምፁ ከተለዋወጠ ወይም አንደኛው ከዘገየ ጥገና ይጠብቃችኋል። የኋለኞቹ የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ሞዴሎች ደግሞ አንድ ወጥ ሆኖ ወለል ውስጥ የሚታጠፍ ወንበር አላቸው። ለሁለት ስላልተከፈለ አንድ ልጅ ለማስቀመጥ የዕቃውን ቦታ በሙሉ መተው ግድ ይላል።

ሦስተኛው ዓይነት በሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘር የሚታየው ፊት ለፊት የሚያስተያይ የጎን አግዳሚ ወንበር ነው። ለሥራ መኪና ይሆናል፤ ለቤተሰብ ግን አንመክረውም። በጎን የተቀመጠ ሰው አካል በግጭት ጊዜ የሚጠመዘዘው በወገቡና በአንገቱ ነው። የሕፃን ወንበርም በዚያ ላይ ማሰር አይቻልም።

ቦታውን ለመለካት ሜትር አያስፈልግም። መጀመሪያ መኪናውን የሚነዳው ሰው ወንበሩን እንደሚመቸው ያስተካክል። ከእርሱ ኋላ በሁለተኛው ረድፍ አንድ አዋቂ ይቀመጥና ጉልበቱ ነፃ እስኪሆን ወንበሩን ያንሸራትት። ከዚያ ሌላ አዋቂ ሦስተኛው ረድፍ ገብቶ በሩ ተዘግቶ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ከተጠጋና ጭኑ ከወንበሩ ከተነሣ ክብደቱ ሁሉ በመቀመጫው ላይ ነው ማለት ነው፤ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ድረስ እንዲያ መሄድ ለአዛውንት አይቻልም። በራስና በጣሪያ መካከል አራት ጣት ያህል መኖር አለበት፤ ኮረኮንች ላይ መኪናው ሲዘል ያ ክፍተት ያስፈልጋል። የጭንቅላት መደገፊያው መኖሩንም እዩ፤ ወንበሩ ሲታጠፍ ስለሚወልቅ የሚጠፋው እርሱ ነው። ከኋላ የሚገጭ ተሽከርካሪ ለመጨረሻው ረድፍ በጣም ቅርብ ነውና ያለ መደገፊያ አንገት አይተርፍም።

መግቢያውንም ሞክሩ። መንገዳችን በቀኝ የሚነዳበት ስለሆነ ሰው የሚወርደው በቀኝ በር ነው፤ ተጣጥፎ መተላለፊያ የሚሰጠው የሁለተኛው ረድፍ ወንበርም በቀኝ በኩል መሆኑን አረጋግጡ። በዚያ ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ካሰራችሁ መተላለፊያው ይዘጋል፤ ስለዚህ ሕፃኑ በግራ ይሁን። የፕራዶ የኋላ በር ማጠፊያው በስተቀኝ ነው፤ ወደ እግረኛው መንገድ በኩል ስለሚከፈት ዕቃ የምትጭኑት ከአስፋልቱ ወገን ቆማችሁ ነው። በተጨናነቀ ቦታ ይህ አደገኛ ነው፤ ለብቻው የሚከፈተው መስታወት የሚሠራ ከሆነ ትንንሹን ዕቃ በእርሱ አስገቡ።

ሁለተኛው ረድፍ አንድ አግዳሚ ይሁን ወይስ ሁለት ነጠላ ወንበር? ሦስት ልጆች ያሉት አግዳሚውን ይምረጥ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ሁለቱ ነጠላ ወንበሮች ይሻሉታል፤ በመካከላቸው ባለው መተላለፊያ ወንበር ሳይታጠፍ ወደ ኋላ ይገባል። አንድ ሰው መቅረቱ ነው ዋጋው።

ቀበቶን በተመለከተ ሰባቱንም አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ሳቡ። የተቃጠለ፣ የተፈተለ ወይም ጠርዙ የተበላ ካለ ይቀየር። በቀበቶው የመጨረሻ ክንድ ያህል ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ መኪናው ውኃ ገብቶበት ያውቃል። ከዚያ በድንገት ሳቡት፤ ካልያዘ መጠቅለያው ተበላሽቷል። በቆዩ ሞዴሎች የሁለተኛው ረድፍ መካከለኛ ቀበቶ ወገብ ብቻ የሚይዝ ነው፤ እዚያ ትንሽ ልጅ አታስቀምጡ። የሕፃን መቀመጫ የሚያስር የፋብሪካ ማያያዣም ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ረድፍ ዳርና ዳር እንጂ በሦስተኛው የለም።

ክብደቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰባት አዋቂ በአማካይ ሰባ ሰባ ኪሎ ቢመዝን 490 ኪሎ ነው። የመኪናው ባዶ ክብደትና የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ልዩነት 600 ኪሎ ቢሆን ለዕቃ የሚቀረው 110 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንድ ኩንታል እህል ፖርቶመጋላ (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ከተጫነ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ሁለቱን ቁጥሮች ከመመሪያ መጽሐፉ ፈልጉ። ሦስተኛው ረድፍ ከኋላ አክሰል በላይ ወይም ከዚያ ኋላ ስለሚያርፍ ጭነቱ የሚወድቀው በኋላ ሞላ ላይ ነው። መኪናው ባዶ ሳለ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በግራና በቀኝ ለኩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ከሆነ ሞላው ደክሞ ሊሆን ይችላል። የአየር ሞላ ያለውን ፕራዶ ማታ አቁማችሁ ጠዋት እዩት፤ ወርዶ ካደረ አየር ያፈሳል፤ መለወጫውም ውድ ነው። ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ይነሣና መብራቱ ሽቅብ ያበራል፤ በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ ይህ ለራስም ለሚመጣውም ያሳውራልና የመብራት ማስተካከያው መሥራቱን ፈትሹ።

ፍተሻ ሲነዳ ባዶውን አትንዱት። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰባት ሰው የጫነ መኪና ፍሬኑን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። በከባድ ማርሽ ይዞ የማይወርድ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የሰማያዊነት ጥላ ያለበት ዲስክ፣ ሳይለወጥ ዓመታት የቆየ የፍሬን ዘይት፣ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ደብረ ሲና ሳይደረስ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ።

በሽቅቡ ደግሞ ተርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከሩብ በላይ ቀርቷል ማለት ነው። ቶዮታ ረሽ ባለ 1.5 ሊትር ሰባት ሰው ያስቀምጣል፤ ሰባቱን ይዞ ጣርማ በርን ለመውጣት ግን ይጨነቃል፤ ከተማ ውስጥ ለሚዞር ቤተሰብ ይበቃል። ባለ 2.7 ቤንዚኑ ፕራዶ ዘገምተኛ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም ነው። ተርቦ ናፍጣ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የቆየው የቶዮታ 1ኬዜድ ሞተር ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) በሙቀት ይሰነጠቃል፤ 1ኬዲ ደግሞ የኢንጀክተሩ የመዳብ ሮንዴላ ሲያፈስ ጥቀርሻው ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ሮንዴላው መቼ እንደተለወጠ መልስ ካልተገኘ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ተከፍቶ ወንፊቱ ይታይ።

ሙቀት ካነሣን ከሦስተኛው ረድፍ ጋር የሚያያዝ፣ ማንም የማያየው አንድ ነገር አለ። የኋላ ማሞቂያ ያላቸው መኪኖች ከሞተሩ እስከ ኋላ ድረስ ውኃ የሚያመላልስ የብረት ቱቦ ከወለሉ ሥር ተዘርግቶላቸዋል። ጭቃና ጠጠር ሲመታው ይዝግና ቀስ እያለ ያፈሳል፤ ሾፌሩ የሚያውቀው ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ሲወጣ ነው። ከሥር ገብታችሁ ቱቦውን በእጃችሁ ዳስሱ። በአጭር ጎማ ቱቦ ከሞተሩ አጠገብ ተቆርጦ የተዘጋ ከሆነ አፍሶ ያውቃል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ የኋላው ተሳፋሪ ማሞቂያ የለውም ማለት ነው። የኋላውን ኤሲም ለብቻው ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ከኋላ መስኮቱ የማይከፈት መኪና ያለ እርሱ ልጅ አይቀመጥበትም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ወንበር መኪኖች እንደ ቮልስዋገን አይዲ 6 ገበያ ላይ አሉ። ባትሪው ወለል ሥር ስለሆነ የኋላ ወለሉ ከፍ ይላል፤ የጉልበቱን ፈተና በጥብቅ አድርጉ። ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልታችሁ ከጣርማ በር አትውረዱ፤ ሙሉ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል ስለማይቀበል መኪናውን የሚይዘው የእግር ፍሬኑ ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሰው ብዛት ከወንበሩ ቁጥር ጋር ይመሳከር። ሊብሬው አምስት ካለና ወንበሩ ሰባት ከሆነ አደጋ ሲደርስ ከመድን ሰጪው ጋር ክርክር ሊነሣ ይችላል።

ጋዜጣችሁን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በማስታወቂያ ቅጻችሁ ላይ «በሊብሬው የተጻፈ የሰው ብዛት» እና «የሚሠራ ቀበቶ ብዛት» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች ጨምሩ። ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትም የሦስተኛውን ረድፍ ቀበቶና የወንበር ማሰሪያ ከፍሬንና ከመብራት እኩል ይፈትሹ፤ ሞኬት ማንሣትና ሰባት ቀበቶ መሳብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ