በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ለምን ሥዕል?

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ልጆቻችሁ እጃቸው በእርድና በቡና ተለቅልቆ ቤት ሲገቡ አንዳንዶቻችሁ «ባዮሎጂ ቀርቶ ሥዕል ሆነ እንዴ?» ብላችሁናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ባዮሎጂው አልቀረም፤ እየተሳለ ነው።

የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከግቢያችን የቡና ቅጠል ቀጥፈው፣ በጀርባው በኩል ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቀቡት። ሲደርቅ በፕላስተር ላጡትና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስቶማታዎቹ፣ ፍንትው ብለው ታዩ። እያንዳንዱን ቀዳዳ እንደ ከንፈር ግራና ቀኝ ይዘው የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት ሴሎች አሉ። በቅጠሉ ፊት በኩል ቢሞክሩ ግን አንድም አጡ። የቡና ስቶማታ ያለው በቅጠሉ ጀርባ ነው። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ለመሳል ሲሉ ደጋግመው ሲያዩ ራሳቸው ደረሱበት።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል በልጅነቱ ሠዓሊ መሆን ይመኝ ነበር። አባቱ ግን ሐኪም ካልሆንክ አሉት። ሐኪምም ሆነ፤ መሳሉን ግን አልተወም። የነርቭ ሴሎችን በእጁ እየሳለ አጥንቶ በ1906 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ።

አሁን ልጆቹ ረጅም አቡጀዲ ዘርግተው የጋራ ሥዕል ይዘዋል። በአንዱ ጫፍ የቡና ቅጠል ሴል፣ በሌላው የሰው ጡንቻ ሴል፣ መሃል ላይ ዋንዛው፣ ንቡና አፈሩ። ቅጠሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን እኛ እንስባለን፤ እኛ የምናስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅጠሉ ይወስዳል። ለሴል ጉልበት የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ ደግሞ በሁለቱም ውስጥ አለ። አንዷ ተማሪ በሁለቱም ሴሎች ውስጥ በእርድ ቢጫ ቀባችው። «ለምን አንድ ዓይነት ቀለም?» ብላት «ሥራቸው አንድ ነዋ!» አለችኝ። ከፈተና ወረቀት ላይ ባነበው እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር።

ቀለም ግዙ አንላችሁም። የቡና አተላ፣ ትንሽ እርድና ያረጀ አንሶላ ካላችሁ በልጆቹ እጅ ላኩልን። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሥዕሉን መጥታችሁ እዩልን። አያቶችም ይምጡ፤ ስለ ቡናና ስለ ጥላ ዛፍ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ስትመጡ «ያምራል» ብላችሁ አትለፉ። «ይሄ ምንድን ነው? ከዚያኛውስ በምን ተገናኘ?» ብላችሁ ልጃችሁን ጠይቁ፤ እስኪጨርስም ታገሡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ጅማ