ወስፋት ለምን ታናሹን ብቻ ይመርጣል? ለሐዋሳ ከተማ የጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። የምንኖረው ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ከአንድ ጀሪካን ይጠጣሉ፣ ሽንት ቤታቸውም አንድ ነው። እጅ ላለመታጠብ የሚደረድሩት ሰበብ እንኳ አይለያይም። ወስፋት የሚመላለሰው ግን ታናሹ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ክኒኑ ሲታደል ሁለቱም አኝከው ይውጣሉ። ትልቁ በዚያው ይገላገላል። የታናሹ ሆድ ግን ወራት ሳይቆይ ይነፋል። ባለፈው ሰገራውን ይዤ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ላብራቶሪ ያለው ልጅ ደግ ነው፣ «ነይ እይው» ብሎ ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝ። ቡናማ፣ ዙሪያው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ክብ ነገር። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች አለኝ። መድኃኒት የጻፈችልኝ ባለሙያ ግን ቀና እንኳ ሳትል «እጁን አታስታጥቢውም እንዴ?» አለችኝ። ሰው ፊት። ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

እጅ መታጠብ አይጠቅምም አላልኩም። አፈሩ ውስጥ እንቁላል ከሌለ ማንም ወስፋት አይይዘውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ አንድ አፈር ላይ ከሚንከባለሉት ለምን አንዱ ላይ ይበዛል? ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» ስለምንል ሁላችንም እኩል ያለን ይመስለናል። እኩል የለንም። ትል ባለበት ሰፈር አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

አንዱ ምክንያት ዘር ነው፤ ከወላጅ የሚወረሰው ማለቴ ነው። ምሥራቅ ኔፓል ውስጥ ጂሬል የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ተመራማሪዎች የዘመድ ሐረጋቸውን ከወስፋታቸው ብዛት ጋር አስተያዩት። በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ መሠረት፣ በሰውና በሰው መካከል ካለው የትል ብዛት ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር የመጣ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የመኖር ድርሻ ከዚያ በጣም ያንሳል። በ2002 ደግሞ ክሮሞዞም (ዘረ መሎችን የሚሸከም የሴል ክፍል) 1 እና 13 ላይ ያሉ ዘረ መሎች እጅ እንዳለበት አሳዩ። ከውኃ በሚይዘው ትል፣ በቢልሃርዚያም ላይ የዘር ተጽዕኖ ታይቷል። ቢልሃርዚያ ደግሞ ለእኛ ለሐይቅ ዳር ሰዎች እንግዳ አይደለም።

የዘር ምርመራ አምጡልን አልልም፤ ለሕክምናው አያስፈልግም። ከመድኃኒት በፊት ብዙ ትል የነበረበት ሰው ከመድኃኒት በኋላም መልሶ እንደሚበዛበት በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ስለዚህ ልጁ ራሱ ይነግራችኋል። ለሁሉም መታደሉ ይቀጥል። ግን እየተመላለሰ የሚያዘው ልጅ ይመዝገብ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተጠርቶ ይታይ፣ እህት ወንድሞቹም ይመርመሩ። እንቁላሉም ይቆጠር። በአንድ ግራም ሰገራ 50,000 እና ከዚያ በላይ የወስፋት እንቁላል ከተገኘ ከባድ ይባላል። ለመቁጠሩ ካቶ ካትዝ የሚሉት ዘዴ አለ፤ ባለሙያዎቻችሁ ያውቁታል።

እናቶችንም በወረፋ ፊት አታሳፍሩን። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ታናሹን ወደዚያ ለመውሰድ ሁለት ወር አመነታሁ።

የልጄ ካርድ ላይ እስካሁን ያለው «ተገኝቷል» የምትል አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ ናት። በሚቀጥለው ስንመጣ ቁጥር ጻፉልን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ