በስቱኮ የተደፈነ ብስባሽ ጥገና አይባልም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጣና ላይ ሰው የሚያመላልስ አንድ አሮጌ ጀልባ አለኝ። የታችኛው አካሉ ብረት ቢሆንም ካቢኑ የእንጨትና የኮምፔንሳቶ ሥራ ነው፤ ባለፈው በጋ የበሰበሰውን ግድግዳ ሳስጠግን ያየሁት ሌሎች ባለ ጀልባዎችንም ስለሚመለከት ይህን ደብዳቤ እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ብዙዎቻችን እንጨቱን የሚያበሰብሰው የሐይቁ ውኃ ይመስለናል። ካቢንን የሚጎዳው ግን በዋናነት ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ክፈፍ ጥግ፣ በጣሪያው መጋጠሚያና ቪቴ በገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይሰርጋል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያቃጥለው የበጋ ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን እየሰነጣጠቀ ለሚቀጥለው ዝናብ መግቢያ ያበጅለታል። እንጨቱን የሚበላው ፈንገስ ሲሆን፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አያድግም። በባሕር ላይ ጨው ፈንገሱን ያዳክመዋል፤ የጣና ውኃ ግን ጨው ስለሌለው ይህን ውለታ አይውልልንም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አናጺ የመስኮቱን ሥር በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶና ሁለት እጅ ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ፤ አምሮ ስለነበር ሳልከራከር ከፈልሁ። ክረምቱ እንዳለፈ ቀለሙ አብጦ አገኘሁት። ካቻቢቴ ብጫንበት እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ስቱኮው በአንድ ቁራጭ ወልቆ ሲወድቅ ከኋላው ያለው እንጨት ጠቁሮ፣ በትንንሽ ዳማ ተሰነጣጥቆ፣ በጣት ሲነኩት እንደ በሶ የሚበተን ነበር። ለካ ስቱኮው የገባው ውኃ እንዳይወጣ ዘግቶበት ኖሯል።

ጥገና ከመቁረጥ በፊት የሚጀምረው ውኃው የሚገባበትን ቀዳዳ በመፈለግ ነው፤ እሱ ካልተደፈነ አዲሱም እንጨት የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል። ከዚያ ብስባሹን ብቻ ሳይሆን፣ የፈንገሱ ክር በዓይን ከሚታየው አልፎ ስለሚሄድ፣ ጤነኛ ከሚመስለው እንጨት ቢያንስ አንድ ስንዝር ጨምሮ መቁረጥ ያስፈልጋል። የተከፈተው ቦታ ለሳምንታት ነፋስ ሊያገኝ ይገባል፤ ኢፖክሲ የሚባለው ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ማጣበቂያ እርጥብ እንጨት ላይ በደንብ አይይዝም፤ ስለዚህ ይህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። አዲሱ ቁራጭ ከነባሩ ጋር የሚገጥመው ሁለቱም ጫፎች በሰያፍ ተላግተው ሲሆን፣ የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የተቆረጠው ጠርዝ ውኃ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ከመገጠሙ በፊት ኢፖክሲ መጠጣት አለበት።

ለቁም ሣጥን የሚሠራው ኮምፔንሳቶ ለጀልባ አይሆንም፤ ኮላው ውኃ ሲነካው ይለቃል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ቁራጩን ድስት ውስጥ አፍልቼ ፈተንሁት (ባለቤቴ ስለ ድስቱ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም)፤ የመጀመሪያው ናሙና ሰዓት ሳይሞላው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላለጠ።

ተሳፋሪው የሚደገፈው በዚሁ ግድግዳ ነው። አሮጌ ጀልባ ለመግዛት ያሰበ ሰውም አዲስ ቀለም ሲያይ በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኳ ይመርምር፤ ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ታፍኖ ይቀራል። ሻጩ ማንኳኳት ከከለከለው ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጀልባ ባለቤት፣ ከባሕር ዳር