ለኩፖን እመቤቷ

ደሴ፣ ኅዳር መጨረሻ

የኔ ሸጋ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽ ደህና ነው? እኔ አለሁ። ጦሳ በጠዋት ጉሙን ተከናንቦ ይነሳል፣ እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ እነሳለሁ። ያው ደሴ ናት።

መጀመሪያ ይቅርታ ልበልሽ። ከተጠፋፋን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በ2014ቱ ክፉ ጊዜ እንኳ ኔትወርክ በተመለሰ ሰዓት ቀድማ የደወለችልኝ አንቺ ነበርሽ። ከዚያ በኋላ ግን ጠፊዋ እኔ ሆንኩ። ሰበብ አልደረድርም። ዛሬ ነገ ስል ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ይብስ ጠፋሁ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ምን መሰለሽ? ቁም ሳጥን ሳስተካክል ያቺን ኩፖን አገኘኋት። ከባሕር ማዶ ለልጄ ጫማ የላክሽ ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ሾልካ የመጣችው፣ ከእሁድ ጋዜጣ የተቆረጠችው፣ የልብስ ሳሙና ሥዕል ያለባት። አንዱ ጠርዟ ጠማማ ነው፤ መቀስ አያያዝሽ አሁንም አልተሻሻለም ማለት ነው። ላይዋ ላይ የ1 ዶላር ቅናሽ ይላል። ታች ደግሞ እንደ ቁንጫ የደቀቀ ጽሑፍ አለ። መነጽሬን አድርጌም አልታየኝ ሲል ልጄ ነጠቀኝና አነበበልኝ። የገንዘብ ዋጋዋ የሳንቲም አንድ መቶኛ ነው ይላል። ወዲያው አሰላውና፣ «እማ፣ አንድ ዶላር ለማግኘት እንዲህ ያለ አሥር ሺህ ያስፈልገናል» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳሙናውን ካልገዛሽ በቀር ወረቀቷ ምንም አይደለችም ማለት ነው እኮ! እንዲህ ያለ ሐቀኛ ወረቀት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ያንን መልስ ያልሰጠሁበትን የድምፅ መልእክትሽን ከፍቼ ደግሜ ሰማሁት። የ90 ዶላር ዕቃ በ50 ምናምን ይዤ ወጣሁ ትያለሽ። የፋብሪካውን ኩፖን በሱቁ ኩፖን ላይ ደርበሽ በአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አስቀነስሽ። ያኔ ባለ ሱቁ አሳዝኖኝ ነበር። ለካ ፋብሪካው የራሱን ኩፖን ለሱቁ ይመልስለታል። አሁንማ መቀሱም ቀርቷል፣ ቅናሹን ስልክሽ ላይ መርጠሽ ካሸር ጋ ስልክ ቁጥርሽን ማስገባት ብቻ ነው አልሽ። በነገራችን ላይ ልጄ አንብቦ እንደነገረኝ ይህን የኩፖን ነገር ከጀመሩት አንዱ ኮካ ኮላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አትላንታ ውስጥ። ብርጭቆው 5 ሳንቲም ነበር፤ እነሱ ግን በነፃ የምታስጠጣ ቲኬት አደሉ። አንዴ የቀመሰ ሰው ሁለተኛውን ከፍሎ እንደሚጠጣ አውቀውታል፣ ተንኮለኞች!

ለኔና ላንቺ ግን ኩፖን ሌላ ነገር ነበር። የቀበሌውን ሱቅ ረሳሽው? ደርግ ጊዜ፣ ስኳርና ሳሙና በኩፖን። እናቴ ያቺን ካርቶን መሳይ ወረቀት በመሐረብ ጠቅልላ መሶቡ ሥር ነበር የምትደብቃት። ከወርቋ እኩል። በቤተሰብ ቁጥር ነበር የሚሰጠው፣ ማኅተም አርፎባት ትመለሳለች። ቅናሽ የሚባል ነገር የለም፤ ኩፖኗ የምትሰጥሽ ለመግዛት መብት ነው። ገንዘብ ኖሮሽ ኩፖን ከሌለሽ ስኳሩን እያየሽ ትመለሻለሽ። እኛ ሌሊት ተልከን ወረፋ ለመያዝ ድንጋይ ደርድረን አንሄድም ነበር? አንድ ቀን ድንጋይሽን ያነሳብሽን ልጅ በጫማሽ ስታሳድጂው ተራችን አልፎ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ገባን። እናትሽ ሳይቆጡ፣ «በሉ እንግዲህ ቡናውን በጨው ጠጡ» ያሉት ነገር አይረሳኝም። አላህ ይርሐማቸው።

ታዲያ አንቺ ኩፖን ኩፖን ስትይ ቀናሁና እኔም ልሞክር ብዬ ነበር። እዚሁ ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት፣ ስሙ ይቅር፣ ለፋሲካ የዕጣ ኩፖን አወጣ። 2,000 ብር ለገዛ አንድ ኩፖን፣ አንደኛ ዕጣ ፍሪጅ። የኔ ዕቃ 1,600 ብር ሆነ። ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ «እትዬ 400 ብቻ እኮ ነው የቀረዎት» አለችኝ። በቃ፣ በ«ብቻ» ተሸነፍኩ። ማዮኔዝ አነሳሁ። እኛ ቤት ማዮኔዝ የሚበላ ሰው የለም። ብስኩትና የመስታወት ማጽጃም ጨመርኩ። ኩፖኗን ይዤ ቤት ስገባ ልክ ፍሪጁን ራሱን ተሸክሜ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ዕጣው ይወጣል የተባለበት ቀን አለፈ፣ ብጠይቅ ተራዘመ አሉኝ፣ ደግሜ ብጠይቅ ያቺ ልጅ ሥራ ለቃለች። እንዲህ ያለ ዕጣ የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ወረቀቱ ላይ የፈቃድ ነገር አልተጻፈም ነበር፣ እኔም አላየሁም። ማዮኔዙ ጊዜው አልፎበት ተጣለ። እስቲ አሁን 400 ብር ከሰርኩ ወይስ ፍሪጅ?

ሁለተኛው ደግሞ ሊብስ ነበር። ቴሌግራም ላይ ስጦታ ኩፖን ደርሶዎታል የሚል ሊንክ መጣልኝ። የሰው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ልጄ ባይደርስብኝ ልሞላው ነበር። አንቺ ወንድምሽን በይው፣ እሱ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። የሚሰጥሽ ሰው ሚስጥር ቁጥርሽን ምን ያደርግለታል?

አሁን የኔን ኩፖን ልንገርሽ። ሰኞ ገበያ ያለችው ናት። ሽንኩርት የምትሸጥልኝን ሴት ታውቂያታለሽ፣ ያቺ ጥርሷ ፍንጭት የሆነችው። ስንት ዓመት ደንበኛዬ ናት። ዋጋ ላይ ከተከራከርኳት ትኮሳተራለች፣ አምስት ብር አትቀንስም። ከመዘነች በኋላ ግን፣ «መርቂኝ እንጂ» ስላት እጇን ሰድዳ ሁለት ሦስት ራስ ትጨምራለች፣ አንዳንዴ ቃሪያም ጣል ታደርጋለች። ምራቂ! ፈረንጅ ለዚህ ቃል አለው? ቀኑ የሚያልፍበት አይደለም፣ መቀስ አይፈልግም። ከታመምኩ ደግሞ ትጠይቀኛለች።

ሌላውን ሁሉ በጊዜው መግዛት ነው። ጤፉን አዲሱ እህል ሲገባ ከጎረቤት ጋር ኩንታል እንካፈላለን፤ ይኸው አሁን ወቅቱ ነው፣ ሰሞኑን እንወርዳለን። ቲማቲም ለዛሬ ወጥ ከሆነ ገበያ ሊፈታ ሲል እሄዳለሁ፣ ሻጮቹ ተሸክመው ላለመመለስ መደቡን በግማሽ ይሰጡሻል። ሥጋ በቅርጫ ነው፤ ጎረቤቶችሽ በዓረፋ፣ እኛ በፋሲካ። አንዴማ ኮምቦልቻ ሽንኩርት ረከሰ ሲሉኝ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ሁሉ ወርጄ፣ በዚያ ሙቀት ላቤ ጠብ እስኪል መርጬ፣ በሚኒባስ ጭኜ መጣሁ። የትራንስፖርቱን፣ የተሸካሚውን፣ የበላሁትን ምሳ ስደምር ከሰኞ ገበያው በለጠ። እባክሽ ለማንም እንዳትነግሪ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ። ያ 90 ዶላሩ ዕቃ ውስጥ ኩፖን ባይኖረው ኖሮ የምትገዢው ስንቱ ነበር? ልጄ በቪዲዮ ስታወሩ ከኋላሽ ያየውን ነግሮኛል። 30 የሚሆን የጥርስ ሳሙና ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድሯል አለኝ። አራት ሰው ናችሁ! ሱቅ ልትከፍቺ ነው? እኔ ከማዮኔዙ ወዲህ የምፈልገውን ቤት ቁጭ ብዬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ነው ቅናሽ ያለው የቱ ነው ብዬ የማየው። ደብተሩ ላይ ለሌለ ነገር «ብቻ» ቢሉኝም አልሰማም። እስካሁን ሁለት ጊዜ ነው ያጭበረበርኩት፣ አንዱ ጫማ ነው፣ እሱ አይቆጠርም።

እንዳልሽው ለሚቀጥለው ዓረፋ የምትመጪ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ እኔው ወርጄ እቀበልሻለሁ፣ የዚህን ትራንስፖርት አልቆጥርብሽም። ልብስ ምናምን ብለሽ አትጨነቂ። ከዚያ ቁም ሳጥን ግን የጥርስ ሳሙና አምስት ስድስት ጣል አድርጊልኝ። ለሽንኩርቷ ሴትም አንድ፣ ከእኔ ምራቂ ናት እላታለሁ።

ያንቺው፣
ከደሴ