እማዬ ዘሩን ለዚህ ዝናብ እንዳታወጪው

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ትናንት ፒያሳ አናት በሚበሳ ፀሀይ ስንቃጠል ውለን ከሰዓት ሰማዩ ጥቁር አለና ስታዲየም ጋ ጃንጥላ ሻጮቹ ከየት መጡ ሳይባል ከች አሉ። ወንድሜ ደውሎ እማዬ ዝናብ ከመጣ ገብሱን እንዝራ እያለች ነው አንቺ ምን ትያለሽ ሲለኝ በስልክ ተቻኩዬ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው፣ እሱ ያንብብልሽ።

ዝናቡስ ይመጣል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ መንዝም ደብረብርሃንም አዲሳባም ያገኛል፣ አርብ ከሰዓት ነጎድጓድና በረዶም ሊኖረው ይችላል። ግን ይሄ የበልጉ መግቢያ አይመስለኝም።

ለምን መሰለሽ፣ አሁን ፈረንጅ አገር ክረምታቸው እያለቀ ነው፣ በዚህ ወቅት ከሜድትራኒያን በኩል ብርድና ዝናብ ይዘው ወደ ምስራቅ የሚሄዱ ሲስተሞች አሉ፣ እኛ የአየር ትንበያ ቢሮ ትራፍ የምንለው የላይኛው አየር ክፍላቸው አንዳንዴ ወደ ደቡብ ይረዝምና ግብፅንና ሱዳንን አልፎ እኛ ድረስ ይዘልቃል። ይሄ ነገር አየሩን ወደ ላይ ያነሳዋል እንጂ ራሱ ውሃ ይዞ አይመጣም። ውሃው የሚመጣው ከአረብ ባህርና ከህንድ ውቅያኖስ በምስራቅ ነፋስ ነው። አንቺ ጠዋት ጉሙ ከቆላ በገደሉ ሽቅብ ሲወጣ አይተሽ ዘንድሮ በልጉ አይቀርም የምትይው እኮ ይሄንኑ እርጥበት ነው፣ እኔ ሳተላይት ላይ አፍጥጬ የማየውን አንቺ በር ላይ ቆመሽ ታይዋለሽ፣ እውነቴን ነው። ትራፉ ግን ከበራፍ አይታይም። በዚህ ሳምንት ሁለቱ ተገናኙ፣ እሁድ ትራፉ ወደ ምስራቅ ይሄዳል፣ ከዛ ነፋሱ ደረቅ ሆኖ የሚመለስ ነው የሚመስለው። ማዳጋስካር አካባቢ ሳይክሎን የሚሉት ኃይለኛ የባህር አውሎ ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥበቱን ወደዛ ይስብብናል፣ ወቅቱም አሁን ነው።

እርግጠኛ ነሽ ወይ ትይኝ ይሆናል። የአውሮፓው ሞዴል፣ አየሩን በኮምፒውተር የሚያሰላው፣ አንዱን ትንበያ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጠ 51 ጊዜ ያሰላዋል፣ ለአርብ ሁሉም ማለት ይቻላል ይዘንባል ይላሉ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ግን ግማሹ ደረቅ ግማሹ እርጥብ፣ ተበታትነዋል። እንዲህ ሲሆን አናውቅም ማለት ይሻላል ባይ ነኝ፣ አለቃዬ ግን ህዝብ ፊት እንደዛ አይባልም ይላል። ሞዴሉ ደግሞ መሬቱን 9 ኪሎሜትር በ9 ኪሎሜትር አድርጎ ቆራርጦ ነው የሚያየው፣ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ሸዋሮቢት 1,300 ገደማ፣ ያ ሁሉ ገደል ሞዴሉ ውስጥ ለስለስ ያለ ዳገት ይሆናል፣ ስለዚህ የናንተን ቀበሌ ለብቻው አያውቀውም። ሬድዮ ላይ የሰማሽው በልጉ ከመደበኛ በላይ ምናምን የሚለውም ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ተደምሮ እንጂ ያንቺ ማሳ ላይ መቼ እንደሚጀምር አይናገርም፣ እሱም ቢሆን እድሉ ያመዝናል ማለት ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም።

እና ምን ይደረግ? በዚህ ዝናብ ይታረስ፣ መሬቱ ይለሰልስላችኋል። ዘሩ ግን ጎተራ ይቆይ። በቅሎ ፀሀይ ካቃጠለው ሁለተኛ ዘር ከየት ይመጣል፣ ገበያ ላይ ያለውን ዋጋ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ስንዝር ቆፍራችሁ አፈሩ እስከታች እርጥብ ከሆነ ያኔ ዝሩ። ኩበቱና ድርቆሹ ከሐሙስ በፊት ቤት ይግባ፣ አዲስ የተወለዱትን ግልገሎች አርብ ወደ ግጦሽ እንዳትለቋቸው፣ በረዶና ብርድ አንድ ላይ አይችሉም። አንቺም በዛ ጉልበትሽ ጭቃ ውስጥ አትውጪ፣ እባክሽ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ወንድሜ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥልኝና ጠዋት ጠዋት ስንት ሚሊሜትር ውሃ እንደያዘ በማስመሪያ ለክቶ ቴክስት ያድርግልኝ፣ እየደፋ እንደገና ያስቀምጠው። እናንተ ጋ መለኪያ ጣቢያ ስለሌለ ያንን ቁጥር ሌላ ማንም አይሰጠኝም። ካርድ ልኬለታለሁ።

ልጅሽ